ጀሪካኑ ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ

ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ጀሪካን የሚሸጥበት ጥግ አለ። ቢጫው የዘይት ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። አንዳንድ ቀን ግን ሰማያዊ ወይም ነጭ፣ ወፈር ያለና ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጀሪካን ይመጣል። ቧንቧ በየሁለት ቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ትልቅ ንብረት ነው።

አንድ ቀን ከጎኔ የቆሙ እናት አንዱን አንስተው አሸተቱት። "ይሄ ምን ነበረበት ልጄ?" አሉት ሻጩን። "ሳሙና ነው እማማ። ሁለቴ ለቅለቅ ቢያደርጉት ይጠራል" አላቸው። ልጁ የዋሻቸው አይመስለኝም። እሱም ሲገዛው እንዲያ ተብሎ ነው። ጀሪካኑ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጦ ከአንድ ጠርዝ ብቻ ትንሽ ቀርቷል። በቀረው ቁራጭ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ምልክት ይታያል፤ ውስጡ ፈሳሽ እጅ ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ቆዳና ብረት የሚበላ ኬሚካል ማለት ነው። ነገርኳቸው። መልሰው አስቀመጡት። ጀሪካኑ ግን እዚያው ቀረ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ገዝቶት እንደሚሄድ ይገባኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ትልልቅ ድርጅቶች ቆሻሻ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የፋብሪካ ጭስ ወይም ቀለም ያለው ፍሳሽ ሳይሆን ያ ጀሪካን ነው። ምክንያቱም ማንም አልሰረቀውም። በእንዲህ ዓይነት ድርጅት ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው። ኬሚካሉ ሲያልቅ ባዶው ጀሪካን ወደ ንብረት ክፍል ይገባል። ንብረት ክፍል ቆጥሮ ይመዘግባል። ሲጠራቀም ጨረታ ይወጣል። አሸናፊው ከፍሎ የመውጫ ወረቀት ይይዛል። ጥበቃው ቆጥሮ ያሳልፋል። ገዢው ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለገበያ ያከፋፍላል። በየደረጃው ደረሰኝ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። ከሒሳብ አንጻር እንከን አይወጣለትም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ዕቃ ከበሩ ከወጣ በኋላ ምን ሊሆን ነው?

በትልቅ ድርጅት ግቢ ውስጥ ቆሻሻ በቀለም ለይተው የሚጥሉበት በርሜል ሊኖር ይችላል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ጥሩ ነው። እንደ እኔ ግን እውነተኛው ክፍፍል በርሜሉ ላይ የለም። እውነተኛው ክፍፍል የሚሸጥና የማይሸጥ የሚለው ነው። ካርቶን ይሸጣል፣ ብረት ይሸጣል፣ ጣውላ ይሸጣል። ለእነዚህ ሚዛን አለ፣ መዝገብ አለ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ። ዝቃጭ፣ ኬሚካል የነካው ጨርቅ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ያለቀ ባትሪ ግን ዋጋ የላቸውም። ዋጋ ስለሌላቸው ጠያቂም የላቸውም። ጀሪካኑ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። ዋጋ ስላለው ብቻ እንደ ካርቶን ይታያል፤ በውስጡ የያዘው ግን የዝቃጭ ወገን ነው።

ይህ ነገር የትም ከተማ ያሳስባል። ሐዋሳ ላይ ግን ይለያል። ምክንያቱ ሐይቁ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ከፍ በሚልበት ቦታ 22 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ ከሻሸመኔ በኩል ስንመጣ ድልድዩን ተሻግረን ከተማ የምንገባበት ወንዝ። ጥቁር ውሃ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ይመጣል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ላይ ላዩን የሚታይ መውጫ የለውም። ውሃው ይተናል። ከውሃው ጋር የገባው ግን አይተንም። ብረት ነክ ነገር፣ ቀለም፣ ፕላስቲክ፣ አብዛኛው እዚያው ይቀመጣል። ጣና ዓባይ አለው፣ ዝዋይ ቡልቡላ አለው። ሐዋሳ የለውም። ስለዚህ "ዝናብ ያጥበዋል" የሚለው ማጽናኛ እዚህ አይሠራም። ዝናብ የሚያጥበው ወደ ሐይቁ ነው፤ ከተማው ራሱ ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነው። ክረምት ላይ ከላይ ሰፈር የተጣለ ፌስታል ወደ ዳርቻው ለመድረስ አንድ ጥሩ ዝናብ ይበቃዋል።

አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ያልበላ የሐዋሳ እንግዳ የለም። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ባርበሱ ከዚሁ ውሃ ነው የሚወጣው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ተመራማሪዎች በሐይቁ ባርበስ ላይ ሜርኩሪ ለክተው ነበር። በትልልቆቹ ዓሣዎች ላይ ከፍ ያለ መጠን አገኙ። የፋብሪካ ጥፋት ነው ብዬ አይደለም ይህን የማነሳው። ሜርኩሪ በተፈጥሮም ሊመጣ ይችላል፤ አካባቢው የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ምድር ነው። የሚያሳስበኝ አካሄዱ ነው። ትንሹን ትልቁ ይበላል፣ ትልቁን እኛ እንበላለን። በውሃው ላይ በቀላሉ የማይታየው መጠን ዓሣው ላይ ሲደርስ ይጠራቀማል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ ለማጠራቀም የተመቸ ነው።

ይህን የኢንዱስትሪ ፓርኩን ያቀዱት ሰዎችም አውቀውት ነበር ብዬ አምናለሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ የተወራለት ስለ ሼዶቹ ብቻ አልነበረም። ፍሳሽ ወደ ውጭ የማያወጣ የሚባለው ማጣሪያም ነበር። በቀን እስከ 11,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ተመልሶ ለፋብሪካዎቹ እንዲያገለግል ታስቧል። በአገራችን ደረጃ ትልቅ ነገር ነው። መመስገን አለበት።

አሠራሩ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ከጨርቅ ማቅለሚያው፣ ከማጠቢያው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ የሚመጣው ፍሳሽ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል። ጨርቅና ክር ይቀራል። ቀጥሎ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይቀላቀላል፤ አንዱ ሼድ ትኩስና አሲድ ያለው፣ ሌላው ቀዝቃዛና ሳሙና የበዛበት ስለሚልክ አማካይ ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ ረቂቅ ሕዋሳት ቆሻሻውን ይበሉታል። እነዚህ ሕዋሳት እንደ እኛ አየር ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲጠፋና አየር የሚነፋው ማሽን ሲቆም ይታፈናሉ። ቀጥሎ ሜምብሬን የሚባለው፣ ቀዳዳው እጅግ የጠበበ ማጣሪያ አለ። ውሃው በግፊት ያልፍበታል፤ ጨውና ቀለም ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻ የቀረው ወፍራም ጨዋማ ውሃ ተፈልቶ ይተናል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ወሬውን የሚያቆመው። ንጹሕ ውሃ ወጣ፣ አለቀ። ግን አላለቀም። ፍሳሹ ውስጥ የነበረው ነገር የትም አልሄደም። ሁለት ነገር ይተርፋል፤ ዝቃጭና ጨው።

እስቲ እናስላው። ማጣሪያው በሙሉ አቅሙ 11,000 ሜትር ኩብ አጣራ እንበል። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ሁለት ግራም የሟሟ ጨው ቢኖር በቀን 22,000 ኪሎ ይመጣል። 220 ኩንታል ጨው ማለት ነው። በየቀኑ። ግማሹ እንኳ ቢሆን በወር ሦስት ሺህ ኩንታል ያልፋል። ይህ ወጥ ላይ የሚገባ ጨው አይደለም። ከቀለም ጋር የመጣ ነው። ንጽሕናው ከተጠበቀ የተወሰነው ለማቅለሚያ ሥራ ተመልሶ ሊያገለግል ይችላል። የተቀላቀለው ግን ዝናብ የማይነካው፣ ከታች ውሃ የማያስገባ ቦታ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ አሟሙቶት ይዞት ይወርዳል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ መብራት የሠራው ሥራ በአንድ ከሰዓት ተመልሶ ፈሰሰ ማለት ነው።

ዝቃጩም ያው ነው። የጨርቅ ቀለም እንደ መዳብና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ሊኖሩት ይችላል። ውሃው ሲጠራ እነሱ ዝቃጩ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሲደርቅ ግን የሚያምር ጥቁር አፈር ይመስላል። ገበሬ ቢያየው ማዳበሪያ ነው ብሎ ሊመኘው ይችላል። ሳይመረመር ወደ ማሳ መሄድ የለበትም። ብረቱ ወደ ጎመኑ፣ ከጎመኑ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ድርጅት "ፍሳሽ አላወጣም" ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው የምጠይቀው ግን ዝቃጩ የት እንደሚገባ ነው።

ሌላም ጭንቀት አለ። ማጣሪያ የፋብሪካ ብዛት ታስቦ ይሠራል። ትልቁ ተከራይ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጣ። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ተሰረዘች። ፋብሪካ ሲዘጋ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ አጡ፤ ያንን ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል። የማናየው ደግሞ አለ። ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ወጪ ገንዘብ የማያመጣው ነው። ቆሻሻ ማስወገድ ገንዘብ አያመጣም። አንድ ድርጅት ለአካባቢ ያለው አክብሮት የሚለካው ትዕዛዝ በጎረፈለት ዓመት ሳይሆን በከሰረበት ዓመት ነው ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

ወደ ደረቁ ቆሻሻ ልለፍ።

ልብስ ስፌት ላይ ከሚቆረጠው ጨርቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል ይባላል። የእጀታ ጥግ፣ የአንገት ጥግ፣ የተበላሸ ጥቅል። ጥጥ ከሆነ ብዙ ጥቅም አለው። ለትራስና ለፍራሽ መሙያ፣ ለጋራዥ መወልወያ፣ ምንጣፍ ለሚሠሩ ማኅበራት ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ፕላስቲክ ነው። ከፖሊስተር ጋር የተቀላቀለ ጥጥም እንደ ፕላስቲክ መታየት አለበት። ምድጃ ላይ ሲማገድ ቶሎ ይያያዛል፣ ስለዚህ ከሰል የተወደደበት ቤት ይመርጠዋል። ጭሱ ግን የሚገባው እንጀራ የምትጋግረው ሴት ሳንባ ውስጥ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሁለት ጆንያ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ለጥጥ፣ አንዱ ለሌላው። እዚያ ካልተለየ በኋላ የሚለየው የለም።

የሠራተኛ ምግብ ቤት ትርፍራፊም አለ። ሺዎች ምሳ የሚበሉበት ግቢ በቀን ስንት ኩንታል ልጣጭና ፍርፋሪ እንደሚያወጣ መገመት ይቻላል። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ብስባሽ ይሆናል፣ ሲዳማ ውስጥ ደግሞ ብስባሽ የማይፈልግ የእንሰትና የቡና ጓሮ የለም። የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ከፌስታል ጋር ሲቀላቀል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን መከልከሉ እዚህ ላይ ይረዳል።

የተቃጠለ ዘይት ግን ያስፈራኛል። ከጄኔሬተር፣ ከኮምፕሬሰር፣ ከሰርቪስ መኪኖች የሚወጣው ጥቁር ዘይት። በየቦታው ፈላጊ አለው። ለቤት አጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል። ለኮንክሪት ሥራ የቅርጽ ጣውላ ይቀባበታል። ሁለቱም ሄዶ ሄዶ አፈር ውስጥ ነው። አንድ ሊትር የሞተር ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል ብዙ ጊዜ ይነገራል። ለሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም።

አሁን ስለሚሠራው ነገር ልናገር፤ የሚሠራ ነገር አለና። ለስላሳ ወይም ቢራ ለቤት ለመግዛት ሱቅ ሂዱ። ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጠርሙስ ይዘሃል?" ነው። ካልያዝክ ታስይዛለህ። ሐዋሳ ውስጥ ቢራም ለስላሳም የሚመረት ስለሆነ ባዶ ሣጥን የጫነ መኪና ወደ ፋብሪካ ሲመለስ በየቀኑ እናያለን። ታዲያ የሐይቁ ዳር ስትሄዱ መሬት ላይ የምታዩት ምንድን ነው? የለስላሳ ጠርሙስ ነው ወይስ ሃይላንድ? ሁለቱንም የሚጠጣው ያው ሰው ነው፤ ያው ሙሽራና ሚዜ፣ ያው ቤተሰብ፣ ያው ተማሪ። ሕዝባችን ቆሻሻ አያያዝ አያውቅም የሚለውን ስሰማ የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ሕዝቡ ብርጭቆ ጠርሙስ ለዓመታት ሲመልስ ኖሯል። የለየው ጠርሙሱ ባለቤት ስላለው ነው። ፋብሪካው "የኔ ነው፣ መልሱልኝ" ብሎ ማስያዣ አደረገበት። ሃይላንዱን "የኔ ነው" ያለ የለም።

ይህ ነገር ለጀሪካኑም ይሠራል። ኬሚካል አቅራቢው ሲሸጥ የመያዣውን ዋጋ ለብቻ ያስይዝ። ባዶው ሲመለስ ይመልስ። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሱቃችን ውስጥ ያለ አሠራር ነው።

ሕጉስ? ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነበረ፣ በምትኩ አዲሱ መጣ። አደገኛ ቆሻሻን ለብቻው የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይመስለኝም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው በርሜሉን፣ ማጣሪያውንና የተለጠፈውን ፖስተር ነው። ከበሩ የወጣው የት እንደደረሰ ለማወቅ ግን መኪናውን መከተል ያስፈልጋል። መኪናውን የሚከተል ሰው የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የማይነሳ ነገር ስለሆነ። ትልልቅ ድርጅቶች ቆሻሻቸውን ለጽዳት ማኅበር ወይም ለግል ድርጅት በውል ይሰጣሉ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በምልልስ ነው። አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ሲጫን ይህን ያህል ብር። አስቡት እንግዲህ። ነዳጅ ተወዷል። ማስወገጃው ከከተማ ውጭ ነው። ሾፌሩ የሚከፈለው ስለጫነ ነው፣ ስላደረሰ አይደለም። ቦይ ዳር አራግፎ ቢመለስም ያው ብር ነው፤ እንዲያውም በቀን አንድ ምልልስ ይጨምራል። እንዲህ ዓይነት ውል የፈረመ ማኔጀር ሾፌሩን ሊወቅስ አይችልም። አጭሩን መንገድ የከፈተለት ውሉ ነው።

ውሉን መቀየር ይቻላል። አራት ቅጂ ያለው አንድ ወረቀት ይበቃል። ድርጅቱ ምን ዓይነት ቆሻሻ፣ ስንት ኪሎ እንደሰጠ ጽፎ ይፈርማል፤ አንዱን ቅጂ ያስቀራል። አጓጓዡ ፈርሞ ይረከባል። ማስወገጃው ወይም መልሶ የሚጠቀመው ፋብሪካ መዝኖ ይፈርማል። ያ የመጨረሻው ፊርማ ያለበት ቅጂ ወደ ድርጅቱ ሲመለስ ብቻ ክፍያ ይለቀቃል። የወጣው 40 ኩንታል ሆኖ የደረሰው 25 ከሆነ 15ቱ የት ገባ ተብሎ ይጠየቃል። ንብረት ክፍላችን ይህን ሥራ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ለካርቶን ሲያደርገው ኖሯል። ዋጋ ለሌለውም ያድርገው ነው የምለው።

ከሠራተኞቹ ጀምሮ ማሰብም ያስፈልጋል። ቆሻሻ የሚለዩት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። መርዝና ሳሙና የሚለየውን ምልክት ማንም አላስተማራቸውም፤ ጓንታቸው የተቀደደው ከወር በፊት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከነሱ ውስጥ ሌላው የጣለውን እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። ከአንድ ቢሮ ወይም ፋብሪካ "ተወገደ" ተብሎ የሚጻፍ ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ የሆነ ሰው እጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

ወደ ጀሪካኑ ልመለስ። አቅራቢው መልሶ እስኪወስድ ድረስ ድርጅቱ ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ። ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ በውሃ ይታጠብ። የታጠበበት ውሃ ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ ማጣሪያው ይግባ። ወረቀቱ አይላጥ። ከዚያ ከታችና ከጎን በወፍራም ምስማር ይበሳ፤ የሚችል ደግሞ ለሁለት ይሰንጥቀው። በጨረታ ማስታወቂያው ላይ "ያገለገለ ጀሪካን በቁጥር" መባሉ ቀርቶ "የፕላስቲክ ቁርጥራጭ በኪሎ" ይባል። ዋጋው እንደሚወርድ አውቃለሁ። የሚገዛው ግን የሚፈጭ ሰው ይሆናል፤ ፈጭቶ የኤሌክትሪክ መስመር ማሳለፊያ ቱቦ ይሠራበታል። የተበሳ ጀሪካን ገበያ ቢደርስ እንኳ እማማ አንስተው ያዩትና ውሃ እንደማይዝ ስለሚያውቁ መልሰው ያስቀምጡታል።